ብሎኑ ወገብ ላይ ይቁም ወይስ ዳሌ ድረስ ይውረድ?



ሰሞኑን አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጃቸውን በዊልቸር እየገፉ ወደ ክሊኒክ መጡ። ልጅቷ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፣ መራመድ አትችልም። አከርካሪዋ ወደ ጎን በጣም ስለተጣመመ ዳሌዋም አብሮ አዘንብሏል፤ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። ክብደቷ በሙሉ የሚያርፈው በአንድ በኩል ነው፣ እዚያ ላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ መላጥ ጀምሯል። እንዳትወድቅ አንድ እጇን ዊልቸሩ ላይ ተደግፋ ስለምትውል ለመብላትም ለመጫወትም የሚቀራት አንድ እጅ ብቻ ነው።

ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ቀድሞ ተነግሯቸዋል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። «ዶክተር፣ ብረቱ ዳሌዋ ውስጥ ድረስ ይገባል አሉኝ። የተጣመመው ጀርባዋ፣ ዳሌዋ ምን በደለ? እሱንም ከቆለፋችሁባት እንዴት ብላ ትቀመጣለች?»

እውነት ለመናገር በስኮሊዮሲስ ቀዶ ጥገና እኛንም ሐኪሞቹን ከሚያከራክሩን ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ብረቱ የት ላይ ይቁም?

መጀመሪያ የመቀመጡን ጭንቀት ላቅልል። በአማርኛ «ዳሌ» ስንል ሁለት ነገር እናቀላቅላለን። አንዱ እግራችን የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። ሌላው አከርካሪያችን የተተከለበት ሰፊው አጥንት ነው። ብሎኑ የሚገባው ሁለተኛው ውስጥ ነው። እግር የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ አይነካውም። ስለዚህ ልጅቷ ትቀመጣለች፤ እንዲያውም ዓላማው ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ነው።

ሌላም ጭንቀት ልቀንስ። ጤነኛ በነበሩ ልጆች ላይ በጉርምስና ዕድሜ ያለ ታወቀ ምክንያት የሚመጣው ስኮሊዮሲስ፣ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዳሌ ድረስ አይወርድም። እዚያ ላይ የምንታገለው የታችኛው ወገብ እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ነጻ ለመተው ነው። የልጃችሁ ራጅ ላይ 25 ወይም 30 ዲግሪ ተጽፎ ካያችሁ ይህን አንብባችሁ እንቅልፍ አትጡ።

የዳሌ ጥያቄ የሚነሳው በዋናነት በሁለት ዓይነት ታካሚዎች ላይ ነው። አንዱ እንደዚህች ልጅ በነርቭና በጡንቻ ችግር የተጣመመ፣ ዳሌውም ያዘነበለ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ዝንባሌው ከ15 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዳሌውንም እናካት ይላሉ። ሌላው ትልቅ ሰው ሆኖ ከደረቱ አጥንቶች ጀምሮ እስከ ሳክረም ድረስ መያያዝ ያለበት ነው። ሳክረም ማለት ከወገብ ቀጥሎ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መሃል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ነው።

ታዲያ ሳክረም ላይ ለምን አናቆምም? የአጥር እንጨት የተከለ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ረጅም እንጨት ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ብትተክሉ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሥሩ ይላላል። የሳክረም አጥንት ውስጡ ስፖንጅ መሰል ነው፣ የሚገባውም ብሎን አጭር ነው። ከላይ ያለው ረጅም ብረት በተጎነበሱ ቁጥር ይጎትተዋል። ውሎ አድሮ ብሎኑ ይላላል ወይም ይሰበራል፣ በኤል5 እና በኤስ1 መካከል ያለውም አጥንት ሳይያያዝ ይቀራል። ያ ማለት ሕመምና ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው።

ወደ ዳሌ የመውረዱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ከተማ ላይ የነበሩ ሐኪሞች የብረቱን ጫፍ አጥፈው ዳሌው ክንፍ ውስጥ ይሰኩት ነበር። ዘመኑን ለውጧል፤ ግን ብሎን ስላልሆነ ጥርስ የለውም፣ አጥንቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ ቦታውን ያሰፋል።

ዛሬ በብዛት የምንመርጠው ከሁለት ብሎኖች ነው።

የመጀመሪያው ኢሊያክ ብሎን ይባላል። ከኋላ ቀበቶ ከምናስርበት ዝቅ ብሎ በእጅ የሚዳሰሰው የዳሌ አጥንት ጉብታ ላይ ይጀምራል። ረጅምና ወፍራም ስለሆነ አጥንቱን አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ጭንቅላቱ ቆዳ ሥር መሆኑ ነው። ሥጋ ያለው ሰው ላያስተውለው ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ ተደግፎ የሚውል ቀጭን ልጅ ግን ይቆረቁረዋል፣ ቆዳውም ሊቆስል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ብሎኑ የሚወጣላቸው አሉ። ከዋናው ብረት መስመር ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ማገናኛ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ኤስ2 አላር ኢሊያክ የሚባለው ነው፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው የተስፋፋው። ከሳክረም ተነስቶ ወደ ዳሌው ይሻገራል። መነሻው ከኢሊያኩ 15 ሚሊሜትር ገደማ ጠለቅ ይላል። በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ነው፣ ሥጋ ለሌለው ጀርባ ግን ትልቅ ልዩነት ነው። ከላይኞቹ ብሎኖች ጋርም በአንድ መስመር ይሰለፋል። ነቀፌታው በሳክረምና በዳሌ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ አቋርጦ ማለፉ ነው። ሁለቱም ዓይነቶች አቅጣጫ ከሳቱ በአቅራቢያ ያለውን ትልቅ ነርቭና የደም ሥር ሊጎዱ ስለሚችሉ በራጅ እየታዩ በጥንቃቄ ነው የሚገቡት።

የእኔ ምርጫ? ለቀጭን ልጅ ሁለተኛው። ነገር ግን ሐኪማችሁ በኢሊያክ ብሎን ብዙ የሠራ ከሆነ ሌላውን በእናንተ ላይ እንዲለማመድ አታስገድዱት።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቅ ሰው ልምጣ። በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ተከታታይ የ64 ዓመት እናቷን ራጅ ላከችልኝ። ሐኪማቸው ከቲ10፣ ማለትም ከታችኛው የደረት አከርካሪ፣ እስከ ዳሌ እናያይዝ ብሏል። «ዶክተርዬ፣ አላበዛውም እንዴ?» ነው ጥያቄዋ። አላበዛውም። ይህን ያህል ርዝመት ሳክረም ድረስ ከተያያዘ ዳሌን መጨመር የተለመደ ነው። ኤል5 ላይ ማቆምም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ የቀረው ዲስክ ጫናውን ብቻውን ስለሚሸከም ከዓመታት በኋላ ሊበላሽ ይችላል።

እኔ የጠየቅኳት ሌላ ነው። እማማ ይሰግዳሉ? ጫማቸውን የሚያስሩት ራሳቸው ናቸው? መጸዳጃ ቤት ራሳቸውን ይችላሉ? ወገብ በሙሉ ከተያያዘ መታጠፍ የሚቻለው በእግር መገጣጠሚያና በጉልበት ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰግዶ ግንባርን መሬት ማድረስ፣ ሱጁድ መውረድ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ወደ ኋላ ዞሮ ራስን ማጽዳት ይከብዳል። ብዙዎች ዘዴውን ይለምዱታል፣ በወንበር ይሰግዳሉ፣ ረጅም የጫማ ማንኪያ ይገዛሉ። ሕመማቸው ቀንሶ ቀጥ ብለው ስለቆሙ ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። የሚያንገበግባቸው ቀድሞ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «የመጨረሻው ብሎን የት ላይ ነው? ለምን እዚያ? ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ ያቅተኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የአጥንት መሳሳት ምርመራም አስቀድማችሁ አሠሩ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቀደም ብሎ ያቁም፣ የአጥንቱን መያያዝ ያደናቅፋል።

ወደ ልጅቷ እናት ልመለስ። ጉዳቱንም አልደበቅኳቸውም። ዳሌ ሲጨመር ኦፕራሲዮኑ ይረዝማል፣ የሚፈሰው ደም ይበዛል። ቁስሉ ዳይፐር አካባቢ ስለሚደርስም ኢንፌክሽን ያሰጋናል። ወገቧ ላይ ብናቆም ደግሞ ያዘነበለው ዳሌ እንዳዘነበለ ይቀራል፣ ሊብስም ይችላል፣ የቆዳዋም ቁስል አይለቃትም። ራጁን ከፍ አድርጌ ያዘነበለውን አጥንት በጣቴ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ታዲያ ሁለት እጇን ትጠቀማለች?» አሉኝ።

«ቀጥ ብላ ከተቀመጠች የሚደግፋት እጅ ነጻ ይወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ እናቴ» አልኳቸው። «እጇ ራሱ ምን ያህል ይታዘዛታል የሚለውን ኦፕራሲዮኑ አይቀይረውም።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዊልቸሯን አብረን እንለካለን። ጀርባዋ ሲቃና ቁመቷ ስለሚጨምር የአሁኑ መደገፊያ ያጥራታል።