የባሕር ዛፍ ጉቶን ከጓሮ ስለ መንቀል

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ያቃለለ መኾኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ዛፉን የወደደበት አንዱ ምክንያት፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ በተቈረጠ ቍጥር ከጉቶው እያቈጠቈጠ ደጋግሞ ስለሚሰጥ ነው። ይኸው በጎ ጠባይ ግን ቦታውን ለጎመንና ለድንች ለሚፈልገው ባለጓሮ ፈተና ይኾንበታል።

ብዙዎች ዛፉን ከመሬት እኩል አስቈርጠው ዐፈር ይመልሱበታል። ይህ ከኹሉ የከፋው ስሕተት ነው። ጉቶው ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ ያቈጠቍጣል፤ ለመነቅነቂያ የሚያገለግለውም ግንድ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጉቶውን ሊነቅል ያሰበ ሰው ዛፉን በደረቱ ቁመት ልክ አስቀርቶ ይቍረጥ።

ቡቃያው የሚወጣው ከጉቶውና ከመሬት በታች ካበጠው የግንዱ እግር ነው። በየአቅጣጫው የተዘረጉት የጎን ሥሮች ከግንዱ ከተለዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያቈጠቍጡ በዐፈር ውስጥ ይበሰብሳሉ። እያንዳንዱን ሥር እስከ ጫፉ ተከትሎ ጓሮውን ኹሉ መገልበጥ እንግዲህ ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙ የቀን ሠራተኛ ገንዘብም የሚባክነው በዚሁ ነው።

ሥራው ከጉቶው ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ዙሪያውን በዶማና በአካፋ በመቈፈር ይዠመራል። ሥሮቹ ሲገለጡ ዐፈሩን በውሃ ማጠብ ይገባል፤ መጥረቢያ ድንጋይና አሸዋ ከነካ ስለቱ ይዶለዱማል። እያንዳንዱ ወፍራም ሥር በኹለት ቦታ ተቈርጦ መካከሉ ይወጣል፤ አለዚያ ዲጅኖ ማስገቢያ አይገኝም። ከዚያ በኋላ በግንዱ ጫፍ ገመድ ታስሮ ወዲያና ወዲህ ሲሳብ፣ ወደ ታች የወረዱት ሥሮች የት እንዳሉ ይታወቃል፤ እነርሱም ይቈረጣሉ። ግንዱ በሚሳብበት ጊዜ ማንም በጕድጓዱ ውስጥ መቆም የለበትም።

ጊዜውን መምረጥም ድካምን ያቀላል። የደጋው ጥቍር ዐፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት ደግሞ ይጨቀያል። መስከረም አጋማሽና ጥቅምት ተስማሚ ናቸው። ባሕር ዛፍ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ስለ ተስፋፋ፣ በካምፓላ ከተማ ንቲንዳ ሰፈር የሚኖር ባለጓሮም ይህንኑ ዘዴ ሊከተል ይችላል፤ በዚያ አገር ግን ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከመስከረም እስከ ኅዳር በመኾኑ፣ የኹለቱ ወራት ማብቂያ ይመረጣል።

ጉቶውን በእሳት ማጥፋት የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን እሳቱ በደረቀ ሥር ውስጥ ለውስጥ እየጤሰ፣ ጠፋ ከተባለ በኋላ በአጥር ሥር ሊነሣ ይችላል። ጉቶው ከቤት መሠረት፣ ከውሃ ቧንቧ ወይም ከመሬት በታች ከተቀበረ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከኾነ መቈፈሩም ራሱ አደጋ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከመሬት እኩል ቈርጦ ቡቃያውን ገና በእንጭጩ፣ ደጋግሞና ሳያሰልሱ መልቀም ይሻላል፤ ጉቶው በሥሩ ያከማቸው ምግብ ሲያልቅ ይሞታል። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይመከርም።

የወጣው ጉቶ ተፈልጦ ሲደርቅ መልካም ማገዶ ይኾናል። ጕድጓዱም በዐፈርና በበሰበሰ ፍግ ከሞላ በኋላ ከመሬቱ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይከመር፤ በመጀመሪያው ዝናብ መስመጡ አይቀርምና።