ብር መላክና መጦር

ከሱዳኗ ገዳሪፍ እስከ መተማ ባለው መስመር ሰው ሲጎዳ ያየሁበት አንድ እምነት አለ። «ብር ከላክሁ ጦሬያለሁ» የሚል ነው። ልጆች ከሪያድ፣ ከቤሩት፣ ከዋሽንግተን ይሉታል፤ ዘመድ ይደግመዋል፤ ጎረቤት ደግሞ «ታድላ! በየወሩ ይላክላታል» ብሎ ያጸናዋል። እናትየዋም የልጇ ስም እንዳይነሳ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ» ትላለች።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ይህ አካባቢ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ ጉልበት ያለው ልጅ ወላጁ ደጅ ተቀምጦ ቢውል ሁለቱም ይራባሉ። ስለዚህ ልጅ ይሄዳል፣ ብር ይመጣል። ያ ብር ባይመጣ ኖሮ ዛሬ በሕይወት የማናገኛቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። ሰው ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው ሠርተው፣ ከራሳቸው ቀንሰው የሚልኩትን ሴቶች የምወቅስ አይምሰላችሁ። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ፣ ብሩ ከደረሰ ሁሉ ነገር አለቀ እያለ የሚያዘናጋቸው ወሬ ነው።

መተማ ዮሐንስ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሚያዝያ ነበር፤ በዚያ ወር የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አንዲት እማማ አልጋቸው ላይ ናቸው። ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፣ አንድም ወር አቋርጣ አታውቅም። ፍራሹ አዲስ ነው፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ ማሽላው በማዳበሪያ ሙሉ ቆሟል። የውኃው ጄሪካን ግን በሩ ሥር ነው፣ ከአልጋው አምስት እርምጃ ይርቃል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ውኃ ቀድቼ ስሰጣቸው ሁለት ጉንጭ ተጎንጭተው ኩባያውን መለሱልኝ። «ይብቃኝ ልጄ፤ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፣ ማን ያወጣኛል?» አሉኝ። ብሩን የሚቀበለው የወንድማቸው ልጅ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። አልሰረቃቸውም፣ አልበደላቸውም። እሱ እስኪመጣ ግን ደግፎ የሚያወጣቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ሰው ላለማስቸገር ውኃ ይቀንሳሉ።

ይህን ከዚያ በኋላ በሌሎችም ቤቶች አይቼዋለሁ። በእርጅና ጊዜ የጥማት ስሜት ራሱ ይደክማል። በዚያ ላይ ሰው ሆን ብሎ ውኃ ሲቀንስ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ የሽንት ቧንቧው ይመረቅዛል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃል። የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ አረጋዊ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው ቆሞ አይሄድም፤ አልጋ ላይ ይቀራል። በአንድ ጎን ተኝቶ የሚውል ሰው ቆዳው ይላጥና ይቆስላል። እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ ያስፈልጋል፣ ሌሊትም ጭምር። የዚህ ሁሉ መነሻ ብር የሞላበት ቤት ውስጥ የጎደለ የሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ልጆች ሲመካከሩ «ስንት ስንት እናዋጣ?» ከማለታቸው በፊት «ከጠዋት እስከ ጠዋት አጠገቧ ማን አለ?» ይበሉ። ከአልጋ መነሳት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ መብላት፣ መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ፤ ከእነዚህ የትኛውን ብቻዋን ትችላለች? መታጠቡ ብቻ ካቃታት ግማሽ ቀን የምትመጣ ሴት ትበቃለች። ከአልጋ መነሳትና ሽንት ቤት መሄድ ካቃታት ቀኑን ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ሌሊትም የምትገላበጥ ከሆነች የሚፈራረቁ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚያስፈልጉት። ወጥ ለመሥራትና ልብስ ለማጠብ የተቀጠረች ልጅ፣ ለብቻዋ፣ ያለ ዕረፍት፣ አዋቂ ሰው እያነሳች እያስተኛች ዓመት ትቆይ ማለት ልጅቱንም አሮጊቷንም መበደል ነው።

አከፋፈሉም መለየት አለበት። ብዙ ቤተሰብ አንድ ድምር ብር ለአንድ ዘመድ ይልክና ነገሩን ለእሱ ይተዋል። ዘመዱ ከዚያው ላይ ለቀለብ፣ ለመድኃኒትና ለሠራተኛ ያብቃቃል፤ መጀመሪያ የምትቆረጠው የሠራተኛዋ ደመወዝ ናት። የአስታማሚዋ ደመወዝ በራሷ ስም፣ በቀኑ ይድረሳት። የቀለቡ ብር ለብቻው ይሁን። ለሕመም የሚሆን ደግሞ የማይነካ ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ። የሥራዋን ዓይነትና የዕረፍት ቀኗን ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ባሉበት በወረቀት አስፍሩት። በቪዲዮ ስትደውሉም «እናቴ ደህና ነሽ?» ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው። ተረከዟን አሳዩኝ በሉ፣ ወገቧን አሳዩኝ፣ ኩባያው የት ነው በሉ። አንዳንዴም ባልተለመደ ሰዓት ደውሉ።

የብሩ መንገድም የሚቋረጥ መንገድ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ሱዳን ውስጥ በጥር 2016 መጨረሻ ኔትወርክ ሲጠፋ ባንካክ በተባለው የስልክ መተግበሪያ የሚላክ ገንዘብ ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው ዳቦ መግዣ አጣ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ገዳሪፍን ጨምሮ በሠራዊቱ እጅ ባሉ ግዛቶች የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩ አሮጌው ብር ወደ ባንክ ግባ ተባለ፤ ትራስ ሥር ያስቀመጠ፣ የባንክ ደብተር የሌለው፣ ሰልፍ መቆም የማይችል ሽማግሌ ምን እንዳጋጠመው መገመት አይከብድም። ለዚህ ነው የሁለት ወር የአስታማሚ ደመወዝ እዚያው በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ፣ ከአንድ ባለ ሱቅ ጋርም የዱቤ ስምምነት ይኑር የምለው።

ቤት ሠርቶ መስጠትን እንደ መጦር የሚቆጥሩም አሉ። ለእናት ተብለው የተሠሩ ያማሩ ቤቶች አይቻለሁ፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ መግቢያው ደረጃ፣ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ። እርጥብ ሴራሚክ ላይ የሚንሸራተተው መጀመሪያ ያ ቤት የተሠራለት ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ወጪ በፊት ሰፈር ያለ አናጢ መሐሉ ክፍት የሆነ የመጸዳጃ ወንበር ይሥራላት፣ ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ግድግዳው ላይ የምትይዘው እንጨት ይመታላት። ወጪ ካነሳን ተዝካሩንም አስቡት። በሬ አርዶ ድንኳን የሚጥለው ቤተሰብ፣ የዚያን ግማሽ ባለፈው ዓመት ለአንዲት አስታማሚ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ ምናልባት ዘንድሮ አይጣልም ነበር። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ።

ከዚህ እምነት ጋር የሚሰሙ ሌሎች አባባሎች ያን ያህል ቦታ አይፈልጉም።

«መቄዶንያ ይቀበልልናል።» ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በነፃ ይይዛል። የሚይዘው ግን ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን፣ ከጎዳና የተነሱትን ነው፤ የሚኖረውም በሕዝብ መዋጮ ነው። አቅም ያለው ልጅ እናቱን እዚያ ሲያስገባ ጎዳና ላይ ያለች የሌላ እናት ቦታ ይወስዳል። በክፍያ የሚጦር ቤት ከፈለጋችሁ የምታገኙት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሳይጠሩ ሂዱ፣ በምሳ ሰዓት ግቡ፣ ሌሊት ስንት ሠራተኛ እንደሚያድር ጠይቁ፣ ቢታመሙ ሐኪም ቤት ማን እንደሚወስድና ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ አጽፉ።

«ወላጅን ለሌላ ሰው ማስጠበቅ የፈረንጅ ነው።» አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት ቆብ ጭና በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ትንሽ ጎጆ ቀልሳ፣ ከደብሩና ከምእመናኑ እየተመገበች፣ በመነኮሳይያት መሐል ማርጀቷ በጎንደር ምድር የኖረ ሥርዓት ነው። ሱዳን ውስጥም የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ኸልዋ ችግረኛ ይመግባል፤ በሚያዝያ 2015 በተነሳው ጦርነት ደግሞ ተኪያ የሚባሉት የየሰፈሩ የጋራ ወጥ ቤቶች ድስት ጥደው ስንቱን አቆይተዋል። ነውሩ አስጠብቆ ዞር ብሎ አለማየት ነው።

«ስደተኛ ስለሆኑ ኮሚሽኑ ይጦራቸዋል።» ገዳሪፍ ውስጥ ያረጁ ሐበሾች ብዙዎቹ በደርግ ዘመን የተሻገሩ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 በፊት ለወጡ ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው የስደተኝነት መብት በጥቅሉ እንዲያበቃ ያደረገው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ነው። በ1977ቱ ረኀብ ዘመን ኡም ራኩባ ካምፕ የነበረ ሰው፣ ያው ካምፕ በኅዳር 2013 ከትግራይ ለመጡት ሲከፈት፣ እሱ ስሙ መዝገቡ ላይ የለም። መዝገብ ላይ ያለውም ቢሆን የሚያገኘው ራሽን ነው፤ ደግፎ የሚያስነሳው ሰው ከራሽኑ ጋር አብሮ አይመጣም።

«ጡረታ አላቸው።» ጡረታ መዋጮ ይጠይቃል፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ እየከፈሉ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት መሙላት አለበት። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ራሱ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ዕድሜውን ሁሉ ሰሊጥ ሲያጭድ የኖረ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ግን አለ፤ ስማቸው በቤተሰቡ ካርድ ላይ ይግባ፣ እድሳቱም አይዝለል። ለሕክምና ነው የሚከፍለው፤ ለአስታማሚ አይከፍልም።

«አሜሪካ ብወስዳት መንግሥት ይይዝልኛል።» የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር በእንክብካቤ መኖሪያ ቤት ለሚኖር ሰው የመኖሪያና የዕለት ተዕለት ድጋፍ ወጪ አይከፍልም፤ ለተወላጆቹም ቢሆን። አዲስ በግሪን ካርድ የገባች እናት ከፍላ እንኳ ሜዲኬር ውስጥ ለመግባት አምስት ዓመት ሳታቋርጥ መኖር አለባት።

«ጃጅታለች፣ ምን ይደረጋል።» ይህ ያናድደኛል። ሰው የማትለየው የዓይን ሞራ ጋርዷት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። በድንገት በሁለት ቀን ውስጥ መቀባዠር የጀመረች አሮጊት ደግሞ ኢንፌክሽን ወይም የውኃ እጥረት ይዟት ሊሆን ይችላል። ይህ ዕድሜ ነው ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። እውነተኛው የመርሳት በሽታ ሲሆን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

መሬት ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ተበድሏል። «ለሚጦረኝ መሬቴን ሰጠሁ» ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግም ባለይዞታው መብቱን ለሚጦረው ሰው የሚያስተላልፍበት መንገድ አለው። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ስጦታው ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ከተመዘገበ በኋላ ጧሪው ቢቀዘቅዝ፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ፍርድ ቤት ተመላልሶ ማስመለስ አይሆንለትም። ኑዛዜን ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ መሬቱ በእኩል ወይም በኪራይ በጽሑፍ ይሰጥ፣ ገቢው ለአስታማሚ ይክፈል፣ ውርሱ በኑዛዜ ይቆይ።

በልጆች መካከልም «ያለው ይክፈል፣ ያጣው ይተው» የሚል ፍርድ አለ። ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ በወላጅና በልጅ፣ በእህትና በወንድም መካከልም አስቀምጧል፤ መጠኑም በተቸገረው ፍላጎትና በሰጪው አቅም ይለካል። አማራ ክልልም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ማንም እናቱን ይዞ ችሎት እንዲቆም አልመክርም። ነገር ግን ዐረብ አገር ያለችው እህት ብቻዋን ስትልክ፣ ሦስት ወንድሞች ቡና እየጠጡ «እሷ አለች አይደል» ሲሉ፣ ይህ ግዴታ እነሱንም እንደሚመለከት ሽማግሌ ፊት ይነገራቸው። ገንዘብ የሌለው ሌሊት ይደር፤ እሱም ክፍያ ነው።

ቁርጥ መልስ የሌለኝ አንድ ጥያቄ አለ። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተሞላች፤ ብዙ ልጆችም እዚያ ያረጁ ወላጆቻቸውን በገላባት አሻግረው ወደ አገር ለማምጣት ተነሱ። ከተሻገሩት አንዳንዶቹ ጥሩ ሆነው ተቀመጡ። ሌሎቹ ጎረቤታቸውን፣ ቋንቋውን የለመዱትን ሰፈር፣ «ያ ሐጃ» እያለ የሚጠራቸውን ባለ ሱቅ አጥተው በጥቂት ወራት ውስጥ ደከሙ። ወዲህ ያለውም ሰላም አልነበረም፤ ከሱዳን ሸሽተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የተቀመጡ ስደተኞች ምን እንዳሳለፉ የምዕራብ ጎንደር ሰው ያውቃል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ወላጆቹን ራሳቸውን ጠይቁ፣ ሁለቴ ጠይቁ፣ «እንዳላችሁ» ካሉም ሦስተኛ ጊዜ ጠይቁ። ይሻገራሉ ከተባለ ደግሞ የአንድ ወር የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታቸው፣ ያላቸው የሱዳን ወረቀት ሁሉ ከነቅጂው፣ መንገድ ላይ የሚይዛቸው አንድ ሰው ይኑር፤ ሰሌን ወይም ዝቅ ያለ አልጋ ሳይሆን ከፍ ያለ፣ ከሱ ላይ ራሳቸው መነሳት የሚችሉት አልጋ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ የምትይዛቸውም ሴት እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ትቀጠር።