ዘፈኑ የተገዛ ነው ወይስ የተከራየ?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው በባለቤትና በተከራይ መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ቤተሰቦች አሉ እንበል። አንደኛው ዕጣ ደርሶት ወይም ገዝቶ የገባ ነው፤ ሁለተኛው በየወሩ እየከፈለ ይኖራል። ቤታቸው በስፋትም በቅርጽም ያው ነው። ወሩ ሲያልቅ ግን አንደኛው ተኝቶ ያድራል፤ ሁለተኛው አከራዩ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን እያለ ያሰላስላል።

ይኸው ልዩነት ዛሬ ሳይታወቀን ወደ ሙዚቃችንም ገብቷል። ትናንት ካሴትና ሲዲ እየገዛን በመደርደሪያ እንደረድር ነበር። ዛሬ በየወሩ እየተከፈለ በስልክ የሚደመጥ ሙዚቃ መጥቷል። በእኔ ዕድሜ ያለው ሰው “ለዘፈን ደግሞ የወር ኪራይ ምን የሚሉት ነገር ነው?” ይላል። ልጆቹ በበኩላቸው “አባዬ፣ ይኼን ካርቶን ሙሉ ካሴት ምን ያደርግልሃል? ሁሉም እዚህ አለ” ብለው ስልካቸውን ያሳያሉ። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ነገሩን ከሕግም ከኪስም አንጻር ዘርዘር አድርጎ ማየት ይበጃል።

ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ላይ ባለቤትነትን ሲተረጉም፣ ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው ይላል። ባለቤት የሆነ ሰው በንብረቱ ይገለገላል፣ ይሸጠዋል፣ በስጦታ ይሰጠዋል፣ በኑዛዜ ያወርሰዋል። ካሴትና ሲዲ ግዙፍነት ያላቸው ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ናቸው። እንዲያውም በቁጥር 1193 መሠረት እንዲህ ያለውን ዕቃ በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ደረሰኝ አምጣ የሚለው የለም፤ ባለቤት አይደለህም የሚል ሰው ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ካሴቱ የገዢው ነው፤ ዜማው፣ ግጥሙና ቅጂው ግን የገዢው አይደሉም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትን፣ ለሕዝብ የማሰራጨትንና የመሳሰሉትን መብቶች ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለአሳታሚው ሰጥቷል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ካሴቱን ለልጅዎ ማውረስ ይችላሉ፤ አባዝተው መሸጥ ግን አይችሉም።

አዋጁ ለአድማጩም ያሰበለት ነገር አለ። በአንቀጽ 9 መሠረት አንድ ግለሰብ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ ላይ ለግል መገልገያው ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ለዚህ ሕጉ ያስቀመጣቸው ገደቦች ቢኖሩም፣ የገዛነውን ካሴት እንዳይበላሽብን ብለን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ በዚህ ፈቃድ ሥር የሚወድቅ ነው። በየሰፈሩ ሱቅ እየተከፈለ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጫነው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጫኚው ለግል መገልገያው አይደለም የሚያባዛው፤ ለንግድ ነው። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ከሆነ የመብት ጥሰት ነው። “ሁሉም ያደርገዋል” የሚለው መከላከያ በየትኛውም ችሎት አያዋጣም።

በየወሩ ስንከፍል የምናገኘው ምንድን ነው?

የወርኃዊ ክፍያው አገልግሎት ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አፕል የሙዚቃ መደብሩን በኢንተርኔት ሲከፍት አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በ2008 የስዊድኑ ስፖቲፋይ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ዘፈን መግዛት ቀርቶ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ መጋዘኑን በሙሉ ማዳመጥ መጣ። በአገራችንም በሞት የተለየን የሙዚቃ አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው አውታር በ2011 ዓ.ም. ብቅ አለ፤ ሰዋሰውም ተከተለ። ዓላማቸው የሚያስመሰግን ነው። ቅጂ ሌባ ያራቆተውን ሙዚቀኛ ቢያንስ ከሕጋዊ ገበያ ጋር ማገናኘት ችለዋል።

ይሁንና ከፋዩ የሚያገኘው ባለቤትነት ሳይሆን ፈቃድ ነው። ሳናነብ “እስማማለሁ” ብለን የምንጫነው ረጅም ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው። ለማዳመጥ ይፈቀድልሃል፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አትችልም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሥራ ሊቀየር ወይም ሊነሣ ይችላል። “አውርጄ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ” የሚል ሰውም አይሸወድ። በእነዚህ አገልግሎቶች የሚወርደው ፋይል የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ያለው በኩባንያው እጅ ነው። ለምሳሌ በስፖቲፋይ ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካልተገናኙ የወረደው ዘፈን አይከፈትም። ክፍያው ሲቋረጥም እንዲሁ።

ይህ ሥጋት የፈጠራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎቹ የማንበቢያ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። መጽሐፎቹን የጫነው ወገን መብቱ ስላልነበረው ነው ተባለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ። ከመጽሐፎቹ አንዱ “1984” ነበር፤ ስለ መንግሥት ሰነድ መሰረዝ የሚተርከው ማለት ነው። በጥር 2022 ኒል ያንግ የተባለው አንጋፋ ዘፋኝ ከስፖቲፋይ ጋር ተጣልቶ ዘፈኖቹን አስነሣ፤ የተመለሱት በ2024 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የስፖቲፋይ ከፋይ ወርኃዊ ክፍያው ሳይቀነስለት ዘፈኖቹን አጣ። የኒል ያንግን ሲዲ የገዛ ሰው ግን ጠቡን የሰማው በዜና ብቻ ነው።

የካሊፎርኒያ ግዛት ነገሩ ቢከነክነው ከጥር 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አወጣ። ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳይነግረው “ግዛ” የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። በቋሚነት አውርደው የሚያስቀምጡት ፋይል ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ በእጅ የገባ ነውና።

የእኛስ? የመኖሪያ ቤት ተከራይ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ተሰጥቶታል፤ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ተወስኗል። የሙዚቃ ተከራይ ይህን የመሰለ አለኝታ የለውም። ዋጋውንም፣ ዝርዝሩንም፣ ዘመኑንም የሚወስነው አከራዩ ብቻውን ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ብር ሲወርድ

በእኛ አገር ደግሞ በውሉ ላይ የማይጻፉ ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉ።

የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብን ጨምሮ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ታግደው ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል፤ ትግራይ በጦርነቱ ዘመን ከዚያ የከፋውን አይታለች። በእነዚህ ጊዜያት ከሙዚቃ ጋር አብሮ ያደረው በእጁ የያዘ ሰው ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር ፍላሹን ሰክቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ከሩቅ መጋዘን የሚያዳምጠው ተሳፋሪ ግን የጆሮ ማዳመጫውን ጠቅልሎ ኪሱ ከቷል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ክፍያው በዶላር የሆነ አገልግሎት ለብር ደመወዝተኛ አይታመንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ኪራዩ እጥፍ ሊደርስ ተቃረበ ማለት ነው። በብር የሚከፈለው የአገር ውስጥ አገልግሎት ከዚህ ይሻላል፤ የዳታው ወጪ ግን እዚያም አለ። በመካከለኛ ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 160 ኪሎቢት፣ የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 72 ሜጋባይት ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በወር ከ4 ጊጋባይት በላይ ያወጣል። የተገዛ ዘፈን ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ዳታ አይጠይቅም።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

የባለቤትነት ትልቁ ጥቅም ግን ከኪስ የሚያልፍ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆነው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ያዋሃደ ሥራ በካሴት አወጡ። ዘመኑ አለፈ፤ እሳቸውም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ይኖሩ ነበር። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘ፤ ባለቤቱን አፈላልጎም እንደገና አሳተመው። ኃይሉ መርጊያ ወደ ዓለም መድረኮች የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ ልብ እንበል። ያንን ሥራ ለ28 ዓመታት ያቆየው የኩባንያ መጋዘን አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችል፣ ወርኃዊ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ማንም ከሩቅ ሊሰርዘው የማይችል አንድ ካሴት ነበር። በ1960ዎቹ አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ፣ ቀጥሎም አሊ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ሸክላዎችም አታሚዎቹ ሥራ ካቆሙ በኋላ በየቤቱና በየሰብሳቢው እጅ ቆይተዋል። ያ ሁሉ ሙዚቃ በወር ኪራይ ብቻ ይደመጥ የነበረ ቢሆን፣ አከራዩ በሩን በዘጋበት ቀን አብሮ በጠፋ ነበር።

እንዲህ ያለው ጥፋት በዘመናችንም ደርሷል። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑለትን ዘፈኖች መረጃ በማዘዋወር ላይ ሳለ እንዳጠፋ በመጋቢት 2019 ታወቀ። ቁጥራቸው እስከ 50 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተዘግቧል። ሌላ ቅጂ ያልነበረው ዘፈን በዚያው ቀረ።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

እኔ ኪራይን አላወግዝም። ለመሞከር፣ አዲስ ሰው ለማወቅ፣ ለሰርግና ለመንገድ በየወሩ መክፈል ከሌባ ቅጂ በብዙ ይሻላል፤ ቢያንስ ለሙዚቀኛው የሚደርስ ነገር አለ። ይህም ሆኖ በብዙዎቹ ትልልቅ አገልግሎቶች የሁሉም ከፋይ ገንዘብ በአንድ ቋት ገብቶ እንደ አድማጭ ብዛት እንደሚከፋፈል መዘንጋት የለበትም። እርስዎ ወሩን ሙሉ አንድ የመሰንቆ ተጫዋች ብቻ ቢያዳምጡም ከከፈሉት አብዛኛው የሚሄደው በዓለም ላይ በብዛት ለሚደመጡት ነው። ለሚወዱት ሙዚቀኛ በቀጥታ መክፈል ከፈለጉ ሥራውን መግዛት ይበልጣል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የሚያልፈውን ተከራዩ፤ የሚያወርሱትን ግዙ። እያንዳንዳችን ቤት ያለ እሱ መኖር የማንፈልገው ሙዚቃ ምናልባት ሠላሳ ወይም ሃምሳ አልበም ቢሆን ነው። እሱን በሲዲም ሆነ ቁልፍ በሌለበት ፋይል በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ካሴት ያላችሁ ጊዜ አትስጡት፤ ክሩ ያረጃል፣ ይጣበቃል፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ በገመድ አገናኝቶ፣ በነፃ በሚገኘው ኦዳሲቲ በተባለው ፕሮግራም መቅዳት ይቻላል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይፈልግም። የተቀዳውን ከኮምፒውተሩ ሌላ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይም ማስቀመጥ ነው። ፍላሽ ይጠፋል፣ ሲዲ ይጫራል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። ዋናውን ካሴትም አትጣሉት፤ የባለቤትነታችሁ ማስረጃ እሱ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 826 የሟች መብቶች፣ ከሞት ጋር የሚቋረጡት ሲቀሩ፣ ለወራሾች ይተላለፋሉ ይላል። የካሴቱ ካርቶን ይተላለፋል። የወር ፈቃዱ ግን እንደ ውሉ ከከፋዩ ጋር ያበቃል። ልጆቻችን “ሁሉም እዚህ አለ” ሲሉ ለዛሬ እውነታቸውን ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት እዚያው ስለመኖሩ ዋስትና የሰጣቸው ግን የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ቸር ይግጠመን።