ለግል ኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ፕሮግራም አመራረጥ

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ቀድሞ በታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ይከናወን የነበረው የመረጃ አያያዝ ወደ ተራ ጽሕፈት ቤት ለመግባት ቻለ። የመምህራን ዝርዝር፣ የተማሪዎች ምዝገባና የመጻሕፍት ቆጠራ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ ሊያዝ የሚችል ሆነ። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ግዢ ይልቅ የፕሮግራሙ ምርጫ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበር። መሣሪያ ሲያረጅ በሌላ ይተካል፤ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ግን ፕሮግራሙ አሳልፎ ካልሰጠው በስተቀር ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይጠፋል።

በዚያን ጊዜ ይቀርቡ የነበሩት ፕሮግራሞች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው እንደ ፒ.ኤፍ.ኤስ. ፋይል ያለው ሲሆን፣ በሣጥን የተደረደረ የካርድ መዝገብን ይመስላል። ለመማር ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዱን ፋይል ከሌላው ጋር ለማዛመድ አያስችልም። ሁለተኛው ዌይን ራትሊፍ የተባለው አሜሪካዊ የደረሰው ዲቤዝ 2 ነው። ይህ የመምህራንን ፋይልና የትምህርት ቤቶችን ፋይል በአንድ የጋራ መለያ ቁጥር ያገናኛል። ስለሆነም የአንድ ትምህርት ቤት አድራሻ ሲለወጥ፣ በየመምህሩ መዝገብ ላይ ሳይሆን በአንድ ቦታ ብቻ ይታረማል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1985 በዩኔስኮ የተዘጋጀው ማይክሮ ሲ.ዲ.ኤስ./አይሲስ ነው፤ ይኸውም ርዝመታቸው የተለያየ ጽሑፎችን፣ ይልቁንም የቤተ መጻሕፍት መዘርዝርን ለመያዝ የሚያገለግል ነው።

የፕሮግራሙ ችሎታ ከሥራው ጋር መመዛዘን አለበት። ዲቤዝ 2 በአንድ ፋይል እስከ 65,535 መዝገብ፣ በአንድ መዝገብ 32 ዓምድና 1,000 ምልክት (ፊደል፣ አኃዝና ክፍት ቦታ) ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ዲቤዝ 3 ዓምዱን ወደ 128፣ ምልክቱን ወደ 4,000 ከፍ አደረገው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ወሰን ዲስኩ ነበር። ለምሳሌ የ3,000 መምህራን መዝገብ እያንዳንዱ 100 ምልክት ቢይዝ 300,000 ይሆናል። ይህ 360 ኪሎባይት በሚይዝ ተጣጣፊ ዲስክ ላይ ይበቃል። ዝርዝሩ በስም ቅደም ተከተል እንዲደረደር ሲታዘዝ ግን ፕሮግራሙ ሁለተኛ ቅጂ ይጽፋል፤ ድምሩ 600,000 ስለሚሆን በዚያው ዲስክ ላይ ቦታ አይገኝለትም። ከዚህ እንደሚታየው፣ ስፋት የሚሰላው መረጃው ተቀምጦ በሚይዘው ብቻ ሳይሆን በሥራ ጊዜ በሚፈልገው ቦታ ጭምር ነው።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። አስኪ የተባለው መደበኛ ኮድ 128 ቦታ ብቻ ሲኖረው፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ ስሞች ወይ በላቲን ፊደል፣ ወይም አዘጋጆች በየራሳቸው መንገድ በሠሩት ኮድ ይያዙ ነበር። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ አንዲት መምህርት እንደ ሁለት ሰው ልትቆጠር ትችላለች። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ሰው የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠት ነበር።

በመጨረሻም ፕሮግራሙ መረጃውን በተራ ጽሑፍ መልክ ለማውጣት መቻሉ ከግዢ በፊት በናሙና መፈተን አለበት። የዲቤዝ የፋይል አቀማመጥ በግልጽ የታወቀ በመሆኑ ዛሬም የሚያነቡት የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች አሉ። አቀማመጡ ተሰውሮ በቀረ ፕሮግራም የተያዘ መረጃ ግን፣ እንደገና በእጅ ከመመዝገብ ሌላ መንገድ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ምርጫው ከጥያቄ ይጀምራል። ምን ዓይነት ዘገባ ይፈለጋል? ምን ያህል መዝገብ ይያዛል? ማን ይመዘግባል፣ ማንስ ያርማል? ፕሮግራሙ የሚመረጠው መልሱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። በወረቀት ላይ ያልተስተካከለ መዝገብ በኮምፒዩተር አይቃናምና።