የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክል፦ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት

«ልጄ ሥራ ይዟል። የተመደበበት ቀበሌ መኪና እንደ ልብ አይገባም። ሞተር ሳይክል ልግዛለት ወይስ ይቅርብኝ?» ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት ሰው ከሚጠይቀኝ ነገር አንዱ ይህ ሆኗል። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን ጊዜ አባቶችና አያቶች ናቸው። በሬውን ሸጦ የሚጨምረው እነሱ ናቸውና።

ይቅር ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የተከለከለ ወጣት የጓደኛውን ሞተር ተውሶ ይነዳል፤ ያለ ሄልሜት፣ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ እናንተ ሳታውቁ። በሥራ ዘመኔ የክትባት ሣጥን በሞተር ሳይክል ተጭኖ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ሲገባ አይቻለሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት በቃሬዛ ሲመጣም አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይገድላል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደልም ቀዳሚው እሱ ነው። ስለዚህ ምክሬ «ግዙ» ወይም «አትግዙ» ሳይሆን፣ ከገዛችሁ አብራችሁ ምረጡ የሚል ነው።

መጀመሪያ እግሩን እዩ

ወጣት መጀመሪያ የሚያየው መልኳንና ፍጥነቷን ነው። እናንተ የልጁን እግር እዩ። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይረግጣሉ? በጣቱ ጫፍ ብቻ ከደረሰ፣ ጠጠር ባለበት ዳገት ላይ ሲቆም ይዛው ትወድቃለች። ቀጥሎ ሞተሯን አጋድሙና ብቻውን ያንሣት። ማንሣት ያቃተውን ሞተር በጭቃ ቀን በረሃብ ሆዱ ከጉድጓድ አያወጣትም። ልጃችሁ ሴት ከሆነችም መለኪያው ያው ነው፤ ለቁመቷና ለጉልበቷ የሚስማማ ይገኛል።

በዚህ አገር ከባድ ነገር መጎተት ምን እንደሚጠይቅ ታሪካችን ነግሮናል። ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል።

የደጋ አየርና ጉልበት

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ጉና ግርጌና ወደ ነፋስ መውጫ ሲኬድ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶር ያለው ሞተር በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛም ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም፤ ካርቡራቶሩን ለደጋ በሚያውቅ መካኒክ ማስተካከል ነው። ብቻውን ለሚሄድ ጀማሪ ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃዋል። ዘወትር ዕቃ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ 150 ሲሲ ቢሆን ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ያለው ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደብረ ታቦር በዓለም በር አድርጎ ወረታ ሲወረድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ዝቅ ይባላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ መውረድ የተለመደ ነው፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ግሎ ይሰንፋል። ልጁ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረድ።

መለዋወጫዋ እዚህ ይገኛል?

ባጃጅ ስንል ባለሦስት እግሯ ትዝ ትለናለች እንጂ፣ ያው የህንድ ኩባንያ ቦክሰር የሚባል ሞተር ሳይክልም ይሠራል። ሌላው የህንድ ስም ቲቪኤስ ነው። በመሥሪያ ቤቶች የሚታየው ያማሃ ኤጂ ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ካቴናው የተሸፈነ ስለሆነ ከጭቃ ይጠበቃል፤ የዕቃ መጫኛም አለው። የቱም ቢሆን ከመግዛታችሁ በፊት ከተማ ውስጥ ሁለት ጋራዦች ግቡና «የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና የፍሪሲዮን ሽቦ አላችሁ?» በሉ። «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ከተባላችሁ ሌላ ፈልጉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ካሰባችሁም ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር ለሜዳ መንገድ ቁጠሩት፤ ዳገት ባትሪ ይበላል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ምን እንደሚደረግም አስቡ።

አሮጌ ከሆነች መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ሳይነሣ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ከኋላ ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች ባንድ መስመር መሆናቸውን እዩ፤ ካልሆኑ ወድቃ የተጣመመች ልትሆን ትችላለች። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ብር አትስጡ።

ሄልሜቱ የዋጋው አካል ነው

በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ሄልሜት ማድረግ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። እኔ የማውቀው መድኃኒት ሁሉ ይህን ያህል አይሠራም። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ግን ክንድን እንኳ አያድንም። ራስ ላይ ጠበቅ የሚል፣ ሲያናውጡት የማይዞር፣ የአገጭ ማሰሪያው የሚቆለፍ ይሁን። አንዴ የተጋጨ ሄልሜት ውስጡ ስለሚጎዳ አይዋስ፣ አይሸጥ። ሁለት ግዙ፤ አንዱ ከኋላ ለሚቀመጠው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፤ ስለዚህ ጓንትም ይጨመር።

እናቶችና አያቶች ከኋላ ስትቀመጡ ነጠላችሁንና የቀሚሳችሁን ጫፍ ሰብስቡ፤ ጎማው ወይም ካቴናው ከያዘው ሰውን ይጥላል። ሕፃን አዝሎ መሳፈር ፈጽሞ አይገባም። የጭስ ማውጫው እግር ካቃጠለ ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

መቼ ይገዛ?

መንጃ ፈቃዱ፣ ሰሌዳውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ከመንገዱ ይቅደሙ። ከቻላችሁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ግዙ። የፎገራ መረሬ ጭቃና የጉና ጉም የጀማሪ ትምህርት ቤት አይደሉም። የመጀመሪያውን ወር በቀን፣ በደረቅ ሜዳ፣ ከኋላ ማንንም ሳይጭን ይለማመድ። በቅዝቃዜው ምክንያት አረቄ ከቀመሰ ያን ቀን ቁልፉ እናንተ ዘንድ ይደር።

ሒሳቡን ስትሠሩ የሞተሯን ዋጋ ብቻ አትያዙ። ሁለት ሄልሜት፣ ጓንት፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ መድንና የመጀመሪያው የጋራዥ ወጪ ይደመሩበት። ብሩ ለሁሉም ካልበቃ አነስ ያለች ሞተር ምረጡ እንጂ ሄልሜቱን አትቀንሱ። ለዚያም ካልበቃ በሬው በረቱ ይቆይ፤ ልጁም እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይታገሥ።