ለሆድ ሳይሆን ለወንዝ
እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ከጽዱም ከወይራውም ቀድሞ እንዶድ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ተራ ሐረግ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከአገራችን ዕፀዋት እንደ እሱ ውለታው የተዘነጋ አላውቅም።

እንዶድ ደጋና ወይና ደጋ የሚስማማው፣ ዛፍና አጥር ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። ፍሬው ለአያቶቻችን ሳሙና ነበር። አያቴ የፋሲካ ነጠላዋን የምታነጣው በእንዶድ ነው። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ይሰረስራልና እኛ ልጆቹ እያስነጠስን እንሸሻለን።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። አንዷን አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድታደርግ ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ስሕተት ላንሣ። “እንዶድ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው” የሚል ሰው በየቦታው አለ። አይደለም! የቢልሃርዝያ ትል ዕንቁላል ከሰው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ ራሱን ከሰውነት መከላከያ ደብቆ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። በጉበት ላይ ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው ደግሞ እዚያ የተቀረቀረውን ዕንቁላል መከላከያችን ከብቦ ሲዋጋ የሚተወው ጠባሳ ነው። እንዶድ ይህን አይነካም። እሱ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው፤ ሰንሰለቱን መሐል ላይ ይበጥሳል። ስለዚህ እንዶድ የሚሰጠው ለወንዙ እንጂ ለሆድ አይደለም። ለኮሶ ትል ብላችሁም ሆነ ለሌላ፣ በጥብጣችሁ የምትጠጡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፤ መርዝ ነው። ዓሣም ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ እንዳሻችሁ አትድፉት።

አሠራሩ ደግሞ ይገርማል። ጉልበት ያለው ቀልቶ የበሰለው ሳይሆን ገና አረንጓዴው ፍሬ ነው። ተወቅጦ ከውኃ ሲገናኝ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ኢንዛይም አረፋ ሰጪውን ሳፖኒን ወደ ገዳይነቱ ይለውጠዋል። አያቶቻችን ሲወቅጡና ሲዘፈዝፉ ሳያውቁት ይህን ኬሚስትሪ ይሠሩ ነበር።

በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ቀንድ አውጣውን በእንዶድ ለማጥፋት በተደረገ ሙከራ በሽታው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ከ50 በመቶ ወደ 7። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ኃይለኛውን ዝርያ፣ ቁጥር 44ን፣ መርጠው አወጡ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ገዳዩ ውሕድ በዶክተር አክሊሉ ስም “ለማቶክሲን” ተባለ፤ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ።

ስማቸው በኢንስቲትዩትና በኬሚስትሪ መጻሕፍት ብቻ ሊቀር አይገባም። የጉለሌው የእጽዋት ማዕከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር የጋራ ሥራ ነው፤ ለመታሰቢያ ዓውደ ርዕይ ከዚያ የሚሻል ቦታ የለም። አንድ ሴቴ እንዶድ፣ አንድ ሙቀጫ፣ ቀንድ አውጣ ያለበት ብርጭቆና የዓድዋዎቹ አጣቢዎች ታሪክ ይበቃል። ሕፃናቱ ይዩት።