ድንጋይም ይደክማል፦ የዕለት ጥንካሬና የዘመናት ጥንካሬ

ከቆቦ ሜዳ ወደ ምዕራብ ቀና ብላችሁ ስታዩ ተራሮቹ ወደ ላስታ ይወጣሉ። እዚያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከአለቱ ተፈልፍለው የወጡት ዓምዶች ለ800 ዓመታት ያህል ጣሪያ ተሸክመዋል። እስከ መቼ ይችሉታል?

«ድንጋይ ደግሞ ምን ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ቆጥ ላይ የተጫነ የማሽላ ጆንያ አስቡ። የዚያን ዕለት እንጨቱ ትንሽ ይጎብጣል። ከዓመት በኋላ ግን አንድ ጣሳ እንኳ ሳይጨመርበት የባሰ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ ለውጡ በዓይን አይታይም እንጂ። ጭነቱ ሳይጨምር በጊዜ ብዛት የሚመጣው የቅርጽ ለውጥ «ክሪፕ» ይባላል።

ምክንያቱ በድንጋዩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ናቸው። ጭነት የስንጥቁን ጫፍ ይወጥረዋል። እርጥበት ሲገባ ደግሞ እዚያ ጫፍ ላይ ሲሊከንና ኦክስጅንን ያያዘውን ትስስር ያላላዋል። ስንጥቁ ቀስ እያለ ይረዝማል፤ ከሌላው ጋር ይገናኛል። ለዚህ ነው እርጥብ ድንጋይ ቶሎ የሚደክመው።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ተራው የጥንካሬ ፈተና በደቂቃዎች ያልቃል፦ ድንጋዩ እስኪሰበር ይጫኑታል። በክሪፕ ፈተና ግን ጭነቱን በአንድ መጠን ይዘው ለሳምንታት ወይም ለወራት ይጠብቃሉ። የክፍሉ ሙቀት መቀያየር የለበትም። የቆቦ ቀትር ዓይነት ሙቀት ቢገባ ድንጋዩ ስለሚለጠጥ ያን ትንሽ ለውጥ ይሸፍነዋል። ለውጡ መጀመሪያ ፈጥኖ ይበርዳል፤ ቀጥሎ በዝግታ ይጓዛል፤ ጭነቱ ከበዛ በመጨረሻ ይፈጥንና ድንጋዩ ይሰበራል።

ለምሳሌ በፈጣኑ ፈተና በ20 ሜጋ ፓስካል የተሰበረ ድንጋይ አለ እንበል። ተመሳሳይ ናሙናዎች በ18 በሰዓታት፣ በ16 በቀናት፣ በ14 በወራት ቢሰበሩ፣ በ11 ግን ለውጡ ቢቆም፣ የዘመናት ጥንካሬው በ11 እና በ14 መካከል ነው ማለት ነው። 800 ዓመት መጠበቅ ስለማይቻል፣ ጭነቱ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው ስንት እጥፍ እንደሚረዝም አይተው ወደ ፊት ያሰላሉ።

አሁን ወደ ዓምዱ እንመለስ። አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ 2 ቶን ቢመዝን፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው አለት ከሥሩ 0.2 ሜጋ ፓስካል ያህል ይጫናል። ዓምዱ ከራሱ ስፋት 10 እጥፍ የሆነ ጣሪያ ቢሸከም እንኳ 2 ሜጋ ፓስካል ነው። ከ11 በጣም ያንሳል። ያስተማምናል ማለት ነው? ለጤነኛ ድንጋይ፣ አዎ። ግን የላሊበላ አለት ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ይገባዋል፣ ይሸረሸራል፣ ይሰነጠቃል። ዓምዱ ሲሳሳ ጫናው በትንሽ ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ውሃው ደግሞ ጥንካሬውን ከ11 ወደ ታች ያወርደዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ከሁለት አቅጣጫ ይቀራረባሉ።

ስለዚህ ጣሪያውን ማቅለል አይቻልም፤ ውሃውን መከልከል ግን ይቻላል። ለዘመናት ጥንካሬ ዋናው ጥበቃም ይኸው ነው።